የገዛነው ጨዋታ መክፈቻ በማን እጅ ነው?

አሮጌ ዲስክ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከመደርደሪያ ላይ አንድ የቆየ የፒሲ ጨዋታ አነሣሁ። ሳጥኑ ጠርዙ ላይ ነጣ ከማለቱ በቀር ደህና ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈችው የመለያ ቁጥር ወረቀት አልተላጠችም፤ ዲስኩ ላይም አንድ ጭረት የለም። ዲስኩን አስገብቼ ቁጥሩን ፊደል በፊደል እያየሁ ጻፍኩ፤ ጨዋታውም ያለ ችግር ተጫነ። ልጀምረው ስል ግን ዲስኩ ለጥቂት ሰኮንዶች ተሽከርክሮ ጸጥ አለ። መስኮት አልተከፈተም፤ የስሕተት መልእክትም አልመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ስመረምር ቆይቼ የደረስኩበት ነገር ጨዋታው ራሱ ምንም እንዳልሆነ ነው። እንቢ ያለው አብሮት የመጣው የቅጂ መከላከያ ነው። የዛሬው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያንን መከላከያ አይቀበለውም፤ መከላከያው ካልሠራ ደግሞ ጨዋታው አይነሣም። ስለዚህ ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ እጄ ላይ እያለ ከእኔ ተቆልፏል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን መከላከያው የተነቀለለት፣ ማለትም ክራክ የተደረገው ቅጂ፣ ዛሬም መሥራቱ ነው። ያልከፈለው ሰው ይጫወታል፤ የከፈልኩት እኔ ሳጥኑን እያየሁ እቀመጣለሁ። ለአሳታሚው ብጽፍ ለዚህ ምርት የሚሰጠው ድጋፍ ማብቃቱን የሚገልጽ ባለ አንድ መሥመር መልስ ደረሰኝ።

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ያለ ፈቃድ መቅዳትን ለማበረታታት አይደለም። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች የድካማቸውን ዋጋ ማግኘት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ነው የምገዛው። የምጠይቀው ስለ መቆለፊያው ዕድሜ ነው። መቆለፊያ መግጠም ተገቢ ነው ከተባለ፣ የሚወልቅበት ቀን በሽያጩ ዕለት ተጽፎ ለምን አይሰጠንም? ሻጩ ዕቃውን ሲሸጥልኝ መክፈቻውን በእርሱ ዘንድ ካስቀረና ከዚያም ሱቁን ዘግቶ ከሄደ፣ እኔ የገዛሁት ምንድን ነው? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ዓመታትን ስንጠቅስ ግራ እንዳንጋባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብናደርገው መልካም ነው።

የማሽን ሆድ፦

ወንድሜ፣ የደረሰብዎ ነገር በዚያ ዘመን ከተሸጡት የዲስክ ጨዋታዎች በብዙዎቹ ላይ ደርሷል። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። እንደ ሴፍዲስክና ሴኪዩሮም ያሉት መከላከያዎች ተራ የመቅጃ መሣሪያ በትክክል ሊገለብጠው የማይችል ምልክት በዲስኩ ላይ ያኖራሉ፤ ጨዋታው ሲነሣ ያንን ምልክት ይፈልጋል፤ ካላገኘው ይቆማል። ሴፍዲስክ ይህን ፍተሻ የሚያካሂደው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ በሚገባ ድራይቨር አማካይነት ነበር። ይህ ድራይቨር ከተራ ፕሮግራም እጅግ የሚበልጥ ሥልጣን ስላለው፣ ቀዳዳ ሲገኝበት አጥቂ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊቆጣጠርበት ይችላል። ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ድራይቨሩን ከነጭራሹ አስቀረው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ በለቀቀው የደኅንነት ማዘመኛ በቀደሙት ዊንዶውሶች ላይም እንዳይሠራ አደረገ። ውሳኔው ከደኅንነት አንጻር ትክክል ነበር። ዳሩ ግን የእነዚያን ጨዋታዎች መክፈቻ ይዞ ሄደ፤ ለገዢዎቹ ምትክ ያዘጋጁት አሳታሚዎችም ጥቂቶች ናቸው።

ይህ የዲስክ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 መጨረሻ ኢንቴል ኃይለኛና ቆጣቢ ኮሮችን (ስሌት የሚሠሩ ክፍሎችን) አንድ ላይ የያዘውን 12ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ አንዳንድ ጨዋታዎች ላይ ያለው ዲአርኤም፣ ማለትም ዲጂታል የቅጂ መከላከያ፣ ቆጣቢዎቹን ኮሮች ሌላ ኮምፒውተር አድርጎ ቆጠራቸው። ጨዋታው «ሰውየው ማሽን ቀይሯል» ብሎ ይዘጋል፤ ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ኢንቴል በወቅቱ ችግሩ ያለባቸውን ከ50 የማያንሱ ጨዋታዎች ዝርዝር አወጣ። ጊዜያዊ መፍትሔ ተብሎ የተሰጠውም ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ አንድ ምርጫ ከፍቶ፣ ከኪቦርዱ ላይ ስክሮል ሎክ የሚባለውን ቁልፍ በመጫን ቆጣቢዎቹን ኮሮች ማሳረፍ ነበር። ኋላ በማዘመኛ ተስተካከለ። ነገር ግን አዲስ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው ሕጋዊ ጨዋታውን ለመጫወት የፕሮሰሰሩን ግማሽ አካል እንዲያስተኛ መጠየቁን ልብ በሉልኝ።

ትንሽ ስቱዲዮ፦

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ፤ በአራት ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ጨዋታ እሠራለሁ። አሮጌ ዲስክ በአክብሮት ስለጠየቁ በአክብሮት ልመልስ።

ሦስት ዓመት የለፋንበት ጨዋታ ለሽያጭ በዋለበት ዕለት ማታ፣ ገና የመጀመሪያዎቹን የገዢ አስተያየቶች እያነበብን ሳለን፣ ክራክ የተደረገው ቅጂ በአንድ የማውረጃ ገጽ ላይ ወጥቶ አየነው። ከሥሩ የተጻፉትን የምስጋና ቃላት ሳነብ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ከሚያወርዱት ውስጥ አብዛኞቹ ድሮም ቢሆን እንደማይገዙትና ስለዚህ ምንም እንደማይጠፋብን ሊነገረን ይችላል፤ ምናልባትም እውነት ነው። ለትንሽ ስቱዲዮ ግን ከሚያወርዱት መካከል ጥቂቶቹ እንኳ ቢገዙ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። የአብዛኛው ጨዋታ ገቢ የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ትልልቅ አሳታሚዎች ዴኑቮ ለተባለው የቅጂ መከላከያ የሚከፍሉትም እነዚያን ሳምንታት ለመሻገር ነው። ይህን ሳይረዱ ስለ ገዢ መብት ብቻ መናገር ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ እውነት ልመስክር። እነዚያ ሳምንታት ካለፉ በኋላ መቆለፊያው የሚጠብቀው ነገር እምብዛም የለም። ብዙ አሳታሚዎች ዴኑቮን ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ከጨዋታዎቻቸው ላይ በማዘመኛ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጨዋታ ሠሪው ኩባንያ ሲዲ ፕሮጄክት በ2011 ሁለተኛውን የዊቸር ጨዋታ ሲያወጣ በዲስክ የተሸጠው ሴኪዩሮም ነበረበት፤ በራሱ መደብር በጂኦጂ የተሸጠው ግን ምንም መከላከያ አልነበረውም። ከዚያም ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ከዲስኩም ላይ በማዘመኛ አወለቀው። ስለዚህ «መቆለፊያው ይወልቅ» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ለሠሪዎቹ የማይቻል ነገር አይደለም። የሚጎድለው ቀኑን አስቀድሞ የመናገር ልማድ ነው።

አሮጌ ዲስክ፦

ትንሽ ስቱዲዮ፣ ስለ ግልጽነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ማታ ያዩትን ነገር ማንም ሊያቃልልብዎ አይገባም።

ሆኖም መቆለፊያው ሥራውን ሳይሠራ ገዢውን ብቻ የሚያስርበት ጊዜም አለ። በ2008 የወጣው ስፖር አንድ ገዢ ጨዋታውን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲያስመዘግብ የሚፈቅድ ሴኪዩሮም ነበረው። ሃርድ ዲስክ የተቃጠለበት፣ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ የቀየረ ሰው ፈቃዱን ለመለመን ለደንበኞች አገልግሎት መደወል ነበረበት። ክራክ የተደረገው ቅጂ ግን ጨዋታው ገና ለሽያጭ ሳይቀርብ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ነበር። ገዢዎች በአማዞን ገጽ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየቶችን ጻፉ፤ አሳታሚው ኩባንያ የተፈቀደውን ቁጥር ወደ አምስት ከፍ አደረገ። ከሦስት ወደ አምስት መሄዱ ለእኔ መልስ አይደለም። ዕቃው የእኔ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደምጠቀምበት የሚቆጥርብኝ ሰው ሊኖር አይገባም።

ሌሊት ተጫዋች፦

ስለ ዲስክና ስለ ቁጥር ስትነጋገሩ ኢንተርኔትን አትርሱብኝ። እኔ የምጫወተው ሥራ ጨርሼ፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ ነው፤ የምጫወተውም ብቻዬን የሚጫወቱትን ዓይነት ነው። በአንድ ሌሊት አንድ ከባድ ምዕራፍ አገባድጄ የመጨረሻው በር ሊከፈት ሲል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ጨዋታው መሐል ላይ ቆመና «ከሰርቨር ጋር በመገናኘት ላይ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። መስመሩ ሲመለስ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደነበርኩበት ቦታ መለሰኝ። ብቻዬን ለምጫወተው ጨዋታ ሰርቨሩ፣ ማለትም የአሳታሚው ኮምፒውተር፣ ምን ጉዳይ አለው?

ጨዋታ አሳታሚው ዩቢሶፍት በ2010 በአሳሲንስ ክሪድ 2 የፒሲ ቅጂ ላይ እንዲህ ያለውን የማያቋርጥ ግንኙነት ግዴታ ሲያደርግ፣ በወጣበት ወር ሰርቨሮቹ ጥቃት ደርሶባቸው ገዢዎች መጫወት አቅቷቸው ነበር። በ2013 ሲምሲቲ ሲወጣ ደግሞ ሰርቨሮቹ የገዢውን ብዛት መሸከም አቃታቸው፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ከባድ የምሕንድስና ሥራ ይጠይቃል ተባለ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት ማዘመኛ ተለቀቀ። ከባድ ነበር ይሆናል፤ የማይቻል ግን አልነበረም።

የሕግ ደብተር፦

የተነሣው ጥያቄ «የገዛሁት ምንድን ነው?» የሚል ስለሆነ ከሕግ በኩል ያለውን ላክል።

አብዛኛው የጨዋታ ውል የሚለው ገዢው የተሰጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም ነው። ችግሩ በመደብሩ ገጽ ላይ ያለው አዝራር «ግዛ» ይላል፤ «ፈቃድ ውሰድ» አይልም። አንድ ሰው ቤት ሊገዛ ሄዶ ከፍሎ ሲወጣ «የተከራየኸው ነው፤ የኪራይ ዘመኑንም አንነግርህም» ቢባል ምን ይላል? የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ልዩነት ለማስተካከል በ2024 አንድ ሕግ አጽድቃ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ሻጩ «ግዛ» የሚል ቃል ከተጠቀመ የሚሰጠው ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ላይ ክፍያ ስትፈጽሙ የምታዩት፣ የምትገዙት ፈቃድ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ የመጣው ሕጉ በጸደቀ ሰሞን ነው። ሕጉ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው ሊጠቀምበት የሚችለውን ዕቃ አይመለከትም፤ ይህም ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ሕግ አውጪዎቹ በትክክል እንደገባቸው ያሳያል። ነገር ግን ሕጉ የሚያዝዘው መንገርን ብቻ ነው፤ የተነጠቀውን አይመልስም።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ተጎትቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር፣ በማውረድ የተሸጠ ሶፍትዌር ለዘለቄታው ከተሸጠ ገዢው መልሶ ሊሸጠው እንደሚችል ወሰነ። ይህን መሠረት በማድረግ አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር በስቲም ባለቤት በቫልቭ ላይ ክስ መሥርቶ በ2019 በፓሪስ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ረታ፤ በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱም ጨዋታ ከሶፍትዌር በተጨማሪ ምስል፣ ሙዚቃና ታሪክ የያዘ ውስብስብ ሥራ ስለሆነ የ2012ቱ ውሳኔ አይመለከተውም የሚል ነው። ገንዘብ መመለስን በተመለከተ ግን ሸማቹ የረታበት ቦታ አለ። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ቫልቭን ከስሶ፣ ገንዘብ አይመለስም የሚሉት አገላለጾቹ የአገሪቱን የሸማቾች ሕግ የሚጥሱ መሆናቸው በ2016 ተወስኗል፤ ኩባንያውም 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። ውል ላይ ስለተጻፈ ብቻ ሁሉ ነገር እንደማይጸና ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሚዛን፦

ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን ስላዘነበላችሁ ተቃውሞ ላቅርብ። ውሉን አንብቦ «እስማማለሁ» ያለው ገዢው ራሱ ነው። ሰርቨር ኤሌክትሪክ ይፈጃል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ጥገና ይጠይቃል። አንድ ኩባንያ ሃምሳ ሰው ብቻ የቀረበትን ጨዋታ እስከ ዘላለም እንዲያንቀሳቅስ ማስገደድ ይቻላል? እንዲህ ያለ ግዴታ ቢመጣ የሚጎዱት እንደ ትንሽ ስቱዲዮ ያሉት ናቸው።

የሕግ ደብተር፦

ሚዛን፣ ሰርቨር እስከ ዘላለም ይሥራ ያለ ሰው የለም፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ በስሕተት ስለሚቀርብ ረጋ ብለን እንየው።

ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጨዋታ በ2014 መጨረሻ ወጣ። ብቻውን ለሚነዳ ሰው እንኳ የሰርቨር ግንኙነት ያስፈልገው ነበር። ዩቢሶፍት መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ ጨዋታው ለገዛው ሁሉ በአንድ ቀን ሞተ። ከዚህ ተነሥቶ ሮስ ስኮት የተባለው የዩቲዩብ አዘጋጅ «ጨዋታዎችን መግደል ይቁም» የሚለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች ጥያቄም በ2025 ከአስፈላጊው 1 ሚሊዮን ፊርማ በላይ አገኘ። የጥያቄው ፍሬ ነገር አሳታሚው ድጋፉን ሲያቋርጥ ጨዋታውን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ትቶት ይሂድ የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ወጪ እንዲያወጣ አይጠይቀውም። ዩቢሶፍት ራሱ ከተቃውሞው በኋላ ለዘ ክሩ 2 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ እንደሚያዘጋጅ አስታውቆ በ2025 ለቅቆታል። እንግዲህ ለሁለተኛው የተቻለው ለመጀመሪያው ያልተቻለበት ምክንያት የዕቅድ ጉዳይ ነው።

ውሉን በተመለከተ ደግሞ፣ ገዢው የሚያነበው ከከፈለ በኋላ ሲሆንና የመደራደር ዕድል ሳይኖረው ሲቀር፣ ስምምነቱን ከሁለት እኩል ነጋዴዎች ስምምነት ጋር ማስተካከል ይከብደኛል።

የማኅደር ሠራተኛ፦

እኔ የምሠራው የቆዩ ሶፍትዌሮችን በማቆየት ላይ ነው። ስለ ገንዘብ ብዙ ስለተባለ፣ ስለሚጠፋው ሥራ ትንሽ ልናገር።

በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ ላይ አይገኙም። ሕጋዊ ቅጂ ያለው ሰው እንኳ መቆለፊያውን ከፍቶ እንዳያቆያቸው የ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በየሦስት ዓመቱ ልዩ ፈቃዶች ይታያሉ፤ በ2015 የማረጋገጫ ሰርቨሩ የተዘጋበትን ጨዋታ ገዢው ብቻውን ለመጫወት ሲል መቆለፊያውን እንዲከፍት፣ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍትም ለማቆየት እንዲችሉ ተፈቅዷል። ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ነገር ግን መክፈት ተፈቀደ ማለት መክፈቻ ተሰጠ ማለት አይደለም። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ዛሬ አራት ዲስኮች አሉ። አራቱም ይነበባሉ፤ የአንዱ መቆለፊያ ግን የሚያነጋግረው አድራሻ ከብዙ ዓመት በፊት ጠፍቷል። ለሥራችን የበጁን ሰዎች ባለቤቶቹ ሳይሆኑ ክራክ ያደረጉት ወጣቶች የሆኑበት ጊዜ አለ፤ ይህን ስጽፍ እያዘንኩ ነው።

የማሽን ሆድ፦

በተግባር የሚጠቅም ነገር ለሚፈልጉ፦ ስቲም ላይ ጨዋታው ከስቲም ውጭ የሆነ ዲአርኤም ካለው በመደብሩ ገጽ በቀኝ በኩል ይጻፋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። አፈጻጸሙ ካላማራችሁ ከተገዛ 14 ቀን ሳይሞላው፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋታው ለኮምፒውተራችሁ ምን ያህል እንደሚከብደው እዩ። ጂኦጂ ላይ የምታገኙትም በውል ቋንቋ ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን የመጫኛ ፋይሉን አውርዳችሁ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ካኖራችሁት ማንም ሳይፈቅድላችሁ ይሠራል። እኔ የገዛሁትን ሁሉ በዚያው ቀን አወርዳለሁ።

መከላከያው ጨዋታውን ያንቀራፍፋል ወይ የሚለው ክርክር ከጨዋታ ጨዋታ ስለሚለያይ በደፈናው መናገር አይቻልም። ግን የካፕኮም ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅ በ2021 በፒሲ ላይ ሲንቀረፈፍ፣ ክራክ የተደረገው ቅጂ ከሕጋዊው የተሻለ እንደሚሄድ ታይቶ፣ ኩባንያውም የፀረ ቅጂ ቴክኖሎጂውን የሚያስተካክል ማዘመኛ መልቀቁን አስታውቆ ነበር።

ሚዛን፦

የሕግ ደብተር ስለ ዘ ክሩ ያብራሩትን ተቀብያለሁ። ጥያቄው ሰርቨር እስከ ዘላለም የሚል ከመሰለኝ ተሳስቻለሁ። ይሁንና አንድ ነገር አሁንም ያሳስበኛል፦ ሠሪው ቃል ከገባ በኋላ ስቱዲዮው ቢከስር ወይም ለሌላ ቢሸጥ፣ መቆለፊያውን ማን ያወልቃል?

አሮጌ ዲስክ፦

ይህ የሚዛን ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው። የእኔን ጨዋታ የሠራው ስቱዲዮ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መብቱ ሁለት ጊዜ ተሸጧል፤ መልስ የሰጠኝ ሦስተኛው ባለቤት ነው። እርሱ የገባው ቃል የለም፤ ምናልባትም መቆለፊያውን ሊፈታ የሚችል ሰው በእርሱ ዘንድ የለም። ትንሽ ስቱዲዮ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ትንሽ ስቱዲዮ፦

ትላንት ይህን ክር ለሦስቱ ባልደረቦቼ አንብቤላቸው ማታ ድረስ ስንነጋገር ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታችን ላይ መከላከያ እናደርጋለን፤ ይህን አልደብቅም። በመደብሩ ገጽ ላይ ግን ከዋጋው ሥር «መከላከያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ90ኛው ቀን ይነሣል» ብለን እንጽፋለን። ለሚዛን ጥያቄ የሚሆነው መልስ ደግሞ፣ መቆለፊያ የሌለውን ቅጂ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት አዘጋጅተን ከስቱዲዮው ውጭ ባለ ጠበቃ ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ እኛ ብንዘጋም ብንሸጥም በ90ኛው ቀን ለገዢዎች እንዲለቅቀው በውል እናስፈርመዋለን። መብቱን የሚገዛን ሰው ካለ ይህንን ውል አብሮ ይገዛል።

የውሉን ረቂቅ የሕግ ደብተር ቢያዩልኝ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የሕግ ደብተር፦

ይለጥፉት። በተለይ ስቱዲዮው በኪሳራ ቢፈርስ አበዳሪዎች ቅጂውን እንደ ንብረት እንዳይዙት የሚከለክለውን አንቀጽ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ከእርሱ እንጀምራለን።